ወይዘሪት ያላት ሰውዬ

እቴቴ በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ስትሞት፣ ቤተሰቡ ስለ እሷ የማያውቀው ነገር ያለ አልመሰለውም ነበር። ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ ነበረች። አላገባችም፣ አልወለደችም። የወንድምና የእህቶቿን ልጆች ግን ከትከሻ ልካቸው እስከ ሆዳቸው ድረስ ታውቃቸው ነበር።

ከቀብሩ ማግስት ቤቷ በሰው ተሞላ። የእህቷ ልጅ ነርሷ ከስልኩ አጠገብ አልጠፋችም፤ ለደወለ ሁሉ መርዶውን ትነግራለች፣ ቤቱንም ትጠቁማለች። የእቴቴ ታናሽ ወንድም፣ ጡረተኛው መሬት ቀያሽ፣ በር ላይ እንግዳ ይቀበላል።

እቴቴ ፊቱን አጨፍግጎ የሚቀመጥ ሰው አትወድም ነበርና ቤቱ ጨዋታ በጨዋታ ሆነ። በክርክር ወዳድነቱ “ጠበቃው” የሚባለው የወንድሟ ልጅ፣ ለአንድ ቆንቋና ደንበኛ ሱሪውን ያለ ኪስ ሰፍታ “ምን ያደርግልሃል? እጅህ እንደሆነ አይገባበት” ያለችውን እየተረከ ያስቃል።

“ካፖርት ነው እንጂ ሱሪ አይደለም” አለ አንድ ድምፅ ከወደ ጥግ። “ወይዘሪት ራሷ ነግራኛለች።”

ሁሉም ወደ ጥጉ ዞረ። ተናጋሪው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ፣ ማንም የማያውቀው ሽማግሌ ነበር። እቴቴን ወይዘሪት ብሎ የጠራት ሰው ከተሰማ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም።

ጠበቃው ሱሪ ነው ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ሰውዬው ፈገግ አለና “ጠበቃው አንተ መሆን አለብህ” አለው። ወዲያው የግድግዳው ሰዓት ደወለ። “አሁንም ሰባት ደቂቃ ይቀድማል” አለ ሽማግሌው ለራሱ።

ቀያሹና ነርሷ ተያዩ። የሰው ቤት ሰዓት የሚያውቅ እንግዳ፣ እንግዳ አይደለም።

ትንሽ ቆይቶ ሰውዬው መታጠቢያ ቤት ጠየቀና ተነሥቶ የልብስ ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀ። ጠበቃው ግን ቀያሹንና ነርሷን ወደ ማድ ቤት ጎትቶ፣ ሰውዬው ቤቱን እንደማያውቅ እያስመሰለ መሆኑን አስረዳ። “ባል ነኝ ብሎ ቤቱ ይገባኛል ሊል ነው የመጣው” አለ።

ነርሷም አንድ ነገር ትዝ አላት። የእቴቴ ስልክ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ሁልጊዜ እንደተያዘ ነበር። እጀታውን በደንብ ሳትሰቅለው እየቀረች ይመስላቸው ነበር። ለካ ይህ እንግዳ ሲመጣባት ሆን ብላ ታነሣው ኖሯል።

ቀያሹ ስለ ቤቱ አላሰበም። የከነከነው ሌላ ነው። በወጣትነታቸው እህቱን ለጋብቻ የጠየቀ አንድ ሰው ነበር፤ አይመጥናትም ብሎ የመለሰው እሱ ራሱ ነው። እቴቴ ያን ጊዜ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ቀያሹ በየእሑዱ እየመጣ አብሯት ምሳ ሲበላ፣ ሌላው ስድስት ቀን እንዴት እንደሚያልፍላት አንድም ቀን አልጠየቃትም።

ሄዶ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠ።

“እኛ ክፉ ሰዎች አይደለንም” አለው። “እህቴን ደስ ያሰኙ ሰው ከሆኑ፣ ወንድሜ ነዎት። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ከተዋወቃችሁ ስንት ዓመታችሁ ነው?”

“አሥራ አንድ።”

“በየምሽቱ?”

“ሆስፒታል ከተኛሁበት ሳምንት በቀር።”

ጠበቃው ከኋላ ቆሞ፣ ጋብቻ አስበው ያውቁ እንደሆነ ጠየቀ።

ሰውዬው አንዴ ጠይቋት እንደነበር ተናገረ። ብዙ ሳቀች፤ እሱም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ “እንዲሁ ይሻለናል” አለችው። ለዕድሜው በማይመጥን ሁኔታ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ።

የቀያሹ ዓይን እንባ አቀረረ። የሽማግሌውን እጅ ያዘና፣ ከዚህ ቤት የሚፈልጉት ነገር ካለ ምንም ይሁን ምን አይከለከሉም አለው። ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ።

ሽማግሌው ባርኔጣውን በጣቶቹ አዞረ።

“አንድ ነገር ብቻ” አለ። “እኛ እንኳ የተዋወቅነው ጫማ ሰፊው ዘንድ ልደውል ቁጥር ተሳስቼ ነው፤ ለመሆኑ መልኳ እንዴት ነበር?”