ሦስተኛዋ ወፍ

«እማዬ፣ አሁን እንደማትጮኺ ቃል ገብተሽልኛል!» አለች ልጅቷ፣ ወደ ሐይቁ ገባ ብሎ በተሠራው የእንጨት ርብራብ ላይ በእግር ጣቶቿ እየተራመደች። እናትየው በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ወፍ አባርራለች፤ አንዷን «እባብ ይኖራል!» ብላ፣ ሌላዋን «ሹራብሽን ልበሺ!» ብላ። ባሏም የርቀት መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ፣ «አንቺን ይዞ ወፍ ለማየት ከመምጣት ጥሩምባ ይዞ መምጣት ይሻል ነበር» ብሏታል።

አንዲት ሰማያዊ ዓሣ አዳኝ ወፍ መጥታ ከልጅቷ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ፣ የርብራቡ መደገፊያ ላይ ዐረፈች። ልጅቷ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ተጠጋች። እናትየው ግን ወፏን አላየችም፤ ያየችው እርጥቡን ሳንቃና ማሰሪያው የተፈታውን የልጇን ጫማ ነበር። ልጇ ስትሰጥም፣ ሰው ሲሰበሰብ፣ ሁሉም በአንድ አፍታ ታያት። ጩኸቱ ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ የሻርፗን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነከሰችበት። ልጅቷ ወፏ ጋ ለመድረስ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቷት ነበር።

«ኧረ እንዳትወድቂ!»

የጮኸው ባሏ ነበር፤ ድንጋጤ ድምፁን አቅጥኖታል። ወፏ እልም አለች። ልጅቷ ማን እንደጮኸ ለማየት እንኳ ሳትዞር፣ ባዶውን መደገፊያ እያየች፣ «እማዬ! ምን ነበር ያልኩሽ? ሁለተኛ ካንቺ ጋር የትም አልሄድም!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። እናትየው ልትመልስ ብትሞክር አፏ በሻርፕ ተሞልቷል። ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ምንም ያልነካውን የመነጽሩን መስታወት በሸሚዙ ጫፍ ይወለውል ነበር።