አንዱአምላክ የመረጣት ድንጋይ

ኮንስታብል አንዱአምላክ ድንጋዩን ትከሻው ላይ ከማውጣቱ በፊት የአንገት ልብሱን አውልቆ በጥንቃቄ አጠፈና እዚያው ትከሻው ላይ አነጠፈው። ሳጅን ሠናይት ከጎን ቆማ ይህን አየች። የሰው እጅ ሰብሮ ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ሰው፣ የሚጨነቀው ኮሌታው እንዳይቆሽሽ ነው!

«ጎንበስ በል እንጂ» አሉት ቄስ ሞገስ፣ መስቀላቸውን እንደያዙ።

አንዱአምላክ ጎንበስ አለ። ደግሞ አቃሰተ። ግራ ቀኝ እየተንገዳገደ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ጽድ ሥር የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አልፎ፣ አያ ውቤ እግር ሥር ሄዶ ተንበረከከ። ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡለት።

አያ ውቤ ቁልቁል አዩት። ቀኝ እጃቸውን ወጌሻው በቀርከሃ አስሮ አንገታቸው ላይ አንጠልጥሎላቸዋል። አንበሳሜ ገበያ ላይ አንዱአምላክ «አህያህን አንሳ» ሲላቸው፣ «ልጄ፣ ጭነቱን ላውርድና» ከማለት በቀር ያጠፉት ነገር አልነበረም። ሠናይት ከጎኑ ነበረች። ቆመጡ ሲያርፍ የአጥንቱ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዋ አልወጣም። እርፍ የሚይዙበት እጅ ነው፤ ጎረቤቶቻቸው ገብስ ዘርተው ሲጨርሱ የእሳቸው ማሳ ጦሙን አድሯል።

የአገሩ ወግ የታወቀ ነው። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። ተበዳይ ይቅር ካለ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። ከወረደ በኋላ ክስ የለም፣ ምስክርም የለም። አንዱአምላክ በማግሥቱ ቆመጡን ይዞ ገበያ ይወጣል።

ሽማግሌ የላከው የጣቢያው አዛዥ ኢንስፔክተር ካሳሁን ነው። ሠናይት ያየችውን ፍርድ ቤት ቆማ እንደምትናገር ስትነግረው፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ነበር።

«ሠናይቴ፣ የእኔንም ችግር እወቂልኝ እንጂ! ልጆቹ ሁሉ እየለቀቁ ነው። አንዱ ባሕር ዳር ጥበቃ ተቀጠረ፤ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፤ ውባንተ እንኳ፣ ያ ጨዋ ልጅ፣ ጥሎን ሄደ። ይሄንንም ካሰርኩት ከማን ጋር ልሠራ ነው?»

ውባንተ ለምን እንደሄደ ሠናይት ታውቃለች። ልብሱን ያስረከበ ዕለት፣ «ከዚያ ሰውዬ ጋር አንድ ዓይነት ልብስ ለብሼ እናቴ ቤት መግባት አፈርኩ» ብሏት ነበር። ካሳሁን ሰው እንዳያልቅበት ብሎ፣ ሰው የሚያስጨርስበትን አቅፎ ይዟል። እንዲህ ያለውን ጉድ ለማን ይናገሩታል?

«አያ ውቤ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው ይቅር ይበሉት» አሉ ቄስ ሞገስ። «ያውርዱለት።»

«በየትኛው እጄ?»

አንዱን ሽማግሌ ሳል ሳል አደረጋቸው። ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። ከካሳሁን በቀር።

«ሠናይት ታግዝዎታለች» አለ ከሽማግሌዎቹ ጎን የቆመው ካሳሁን፣ ፈጠን ብሎ። «ሳጅን፣ ነይ አውርጂላቸው።»

ገባት። ድንጋዩን ያወረደ እጅ ነገ ዳኛ ፊት ተነሥቶ ሊምል አይችልም፤ ቢምልም አገሩ አይሰማውም። ለዚህ ነው እንግዲህ ከጠዋት ጀምሮ «አንቺ ከሌለሽ ዕርቁ አይደምቅም» ሲላት የነበረው። እንቢ እንዳትል ሽማግሌ ሁሉ አፍጦ እያያት ነው። አያ ውቤም አንገታቸውን ደፍተዋል፤ የደከመ ሰው እሺታ ነው።

ቀረበች። እግሯን አንፈራጣ፣ ወገቧን አጥብቃ፣ በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ላይ ሳበችው። ልትወድቅ ነበር። ድንጋዩ እንደ ገለባ ቀልሎ ተነሣና ከነእጇ ራሷን አልፎ ወጣ።

አገላብጣ አየችው። የሰው ራስ ያክላል፤ ሆዱ ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። እናቷ ተረከዟን የምትፈትግበት ዓይነት ድንጋይ! ምድሩ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ በሆነበት አገር ይቺን ለማግኘት ስንት ገደል ወርዶ ይሆን? አንዱአምላክ ለመንግሥት ሥራ እንዲህ ሲደክም አይታው አታውቅም።

«ተመስገን! ወረደ!» አለ ካሳሁን፣ ለጭብጨባ እጁን እያነሣ።

«አልወረደም» አለች ሠናይት። ድንጋዩን በአያ ውቤ ግራ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። «አያ ውቤ፣ እስቲ ይመዝኑት።»

አያ ውቤ በአንድ እጃቸው ከፍ፣ ዝቅ አደረጉት። ከዚያ አንዱአምላክን አዩት።

«ሲያቃስት ሰምቼ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ እኮ አዝኜለት ነበር።»

ቄስ ሞገስ መስቀላቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ከሽማግሌዎቹ ቀና ያለ አልነበረም። ካሳሁን ወደ ሠናይት ጆሮ ተጠግቶ፣ «ምን አደረግሽኝ? ይሄን ካጣሁ ማን ይቀርልኛል?» አላት።

«እኔ። የምመሰክረውም እኔ ነኝ።»

አያ ውቤ ተነሡ። «ይቺን ዳኛው ይመዝናት» ብለው ድንጋዩን በግራ ብብታቸው ሸጎጡና በጽዱ አጠገብ ቁልቁል ወደ መንገዱ ወረዱ። ሠናይት ተከተለቻቸው። ዞር ስትል አንዱአምላክ እንደተንበረከከ ነው፤ ትከሻው ላይ የቀረው ያ በጥንቃቄ የታጠፈ የአንገት ልብስ ብቻ ነበር።