ቡናው የኔ ነው

«ቡናው የኔ ነው!» አለች ዋሪቱ ከአግዳሚው ብድግ ብላ።

ጓድ ኩመራ ቀና ብሎ አያት። መቱ ላይ የውጭ ዜጎችን የመኖሪያ ፈቃድ የሚያድሰው እሱ ነው። ባሏ ናጂ በሕግ ፊት የመናዊ ነው፤ ገና የወተት ጥርሱን ሳይነቅል በአባቱ እጅ ተይዞ ጎሬ የገባ፣ መቱ ላይ ልብስ እየሰፋ የጎለመሰ የመናዊ። ኩመራ የለበሰውን ካኪ ኮት የሰፋለትም እሱ ነው።

በየዓመቱ ሲመጡ ማኅተም አስመትተው፣ ስለ ዝናቡ ተጫውተው ይመለሱ ነበር። ዛሬ ግን ኩመራ ገና ከመግባታቸው፣ «የተፈረደበት የውጭ ዜጋ ፈቃድ አይታደስለትም። በዚህ ወር ከአገር መውጣት አለበት» አለ።

ወንጀሉ አንድ ቁና ቡና ነበር። ዋሪቱ ሁሩሙ ከተማ፣ እናቷ ቤት ታርሳ ከናጂ ጋር ስትመለስ፣ ኬላ ላይ ፈታሾች ከዘንቢሏ ውስጥ አገኙት። ቡና ያለ ፈቃድ ማንቀሳቀስ ኮንትሮባንድ ነው። የሰጠቻት እናቷ፣ በጨርቅ ቋጥራ የደበቀችው ራሷ ዋሪቱ። ፈታሹ «የማን ነው?» ሲል ግን ናጂ ጡቷ ላይ የተለጠፈውን ሕፃን አየና «የኔ» አለ። ዳኛውም «ጥፋተኛ ነኝ በልና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ» አሉት። እሱም አለ፤ ትንሽ ተቀጥቶ ቤቱ ገባ። ማታ ሲስቁበት አመሹ።

«ምን አልሽ?» አለ ኩመራ።

«የኔ ነው! እሱ እጁ የለበትም። እኔ ያገሩ ሰው ነኝ፣ እኔን እሰሩኝ።»

ናጂ ክንዷን ያዘ። «ተይ፣ ዋሪቱ።»

ኩመራ አልተቆጣም፤ እሷን ያስፈራት ይኸው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ዘመድ በኦሮምኛ፣ «እህቴ፣ ያልሽውን አልሰማሁም» አላት። «ከሰማሁ ባልሽ ለፍርድ ቤት ዋሽቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ይታሰራል፣ ከዚያ ይባረራል። አንቺም ትታሰሪያለሽ። ልጁን ማን ያጠባዋል?»

«እንግዲያው አብሬው ልሂድ።»

«ላንቺ የመውጫ ቪዛ ማን ይሰጥሻል?»

«ታዲያ እውነቱን ለማን ልንገር?»

«ያኔ ኬላው ላይ ነበር መናገር።»

ያኔ፣ ናጂ «የኔ» ሲል፣ ዋሪቱ እፎይ ብላ ነበር።

ኩመራ ከወንበሩ ተነሥቶ ናጂን ጨበጠው። «ጋሽ ናጂ፣ ወደ አገርዎ እኮ ነው የሚገቡት። ጥሩ ሰው ነበሩ።»

ደጅ ዝናቡ ወርዶ ከቆርቆሮው ጥግ ተጠለሉ። ናጂ ጎርፉ ላይ አፍጥጦ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ዱዓ የያዘ መስሏት ጠበቀችው። ሲቆይባት ግን፣ «ምን እያልክ ነው?» አለችው።

«እዚያ ስደርስ ሰው አለህ ወይ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም» አለ። «‹ሚስቴ ቀርታለች› የሚለውን በዐረብኛ ልለው ፈልጌ፣ ‹ሚስቴ› የሚለው ጠፋኝ።»

ከንፈሩን እንደገና ማንቀሳቀስ ጀመረ።