ጥቁሮቹ ለሷ፣ ግራጫዎቹ ለሱ

"ከላይ አይቶ የሚፈርድ ገበያተኛ ነው" እለዋለሁ ወንድሜን፤ ጥንቸሉንም ከእጁ እነጥቀዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጀርባው ላይ ቀስ ብዬ እነፋለሁ። ፀጉሩ ይከፈታል። ጫፉ ዝገት መስሏል፤ ከዚያ በታች ግን እስከ ሥሩ ጥቁር ነው፣ መሃሉን የሚያቋርጥ ሌላ ቀለም የለም።

"ቀለበት የለውም። ጥቁር ነው። ዝገቱ የፀሐይ ነው። የኔ ነው።"

"ይሄ ጥቁር ነው?" ወንድሜ ወደ አጎታችን ይዞራል። "ጋሼ፣ ዓይንዎ እያየ?"

አጎታችን መሃላችን በርጩማ ላይ የተቀመጠው ሊያካፍለን ነው። አባታችን ሲሞት የተናገረው አጭር ነበር፦ ጥቁሮቹ ለሷ፣ ግራጫዎቹ ለሱ። አባታችን ቀለም የሚለየው ፀጉሩን በትንፋሽ ከፍቶ እንደነበር ሦስታችንም እናውቃለን። ወንድሜ ግን በዕድሜው አንድ ጥንቸል ላይ ነፍቶ አያውቅም። ሲመገቡ አልነበረም፣ ቤታቸው ሲጠረግ አልነበረም፤ ለክፍፍሉ ግን ማንም አልቀደመውም።

"የአባታችሁ መንገድ ይሄው ነው" ይላል አጎታችን። "ቀለበት ካለው ግራጫ፣ ከሌለው ጥቁር። ለሷ።"

"እንግዲህ ከሳሿም እሷ፣ ዳኛዋም እሷ።"

"ንፋ ብዬህ እምቢ ያልከው አንተ። ያለዚያማ አፍህ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።"

አጎታችን ሳቁን በሳል ይሸፍናል።

የቀረው አንድ የሽቦ ቤት ነው፤ የእናቲቱ ጥንቸል። ሌሎቹ ሴቴዎች ልጆቻቸውን ይረግጣሉ፣ አንዳንዴም ይበላሉ። እሷ የራሷን አሳድጋ የሌሎቹንም ታጠባለች። እሷን ያገኘ እርባታ አገኘ፤ ያጣት ባዶ ሽቦ ታቅፎ ይቀራል። ከላይ ሲያዩዋት ከሰል ናት።

ከላይ ሲያዩዋት። ሥሯን እኔ አውቀዋለሁ። አባባ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ስቦርሻት ነፍቼ አይቻለሁ፤ ያየሁትንም ለማንም አልተነፈስኩም።

"ይቺስ አታጨቃጭቅም" ይላል ወንድሜ በድካም። "ጥቁር ናት። ውሰጃትና እንገላገል።"

አቅፌያት ወደ ቅርጫቴ እዞራለሁ።

"ቆይ እስቲ" ይላል ከኋላዬ። "ይቺን ለምን አልነፋሽባትም?"

"ጥቁር ናት አላልክም?"

"እኔማ ገበያተኛ ነኝ።"

አጎታችን ከበርጩማው ይነሳል። "አስቀምጫት፣ የኔ ልጅ። በሁሉም ላይ ተነፍቷል፣ በሷም ይነፋ። አሁን ደግሞ እሱ ይንፋ።"

አስቀምጣታለሁ። ወንድሜ ጉንጩን ሞልቶ ይለቅባታል። ፀጉሩ ይለጠፋል እንጂ አይከፈትም፤ ከሰሉ ከሰል ሆኖ ይቀራል። ይደግማል። ምራቁ ጀርባዋ ላይ ይፈናጠቃል። ጥንቸሏ ጆሮዋን አጣብቃ ትንቀጠቀጣለች።

"ምንም የለም" ይላል ቀና ብሎ። "ጥቁር ነው።"

አጎታችን በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል። ቅርጫቴ ክዳኑ ክፍት ነው። ዝም ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን ምራቁን እንኳ ሳይጠርግላት ፊቱን ሲያዞር ደሜ ይፈላል።

"እሳት ልታያይዝ ነው እንዴ?" እለዋለሁ። "ጥንቸል ላይ እንደዚህ ይነፋል? አፍህን አጥብብ። ከጭራዋ ወደ ራሷ፣ ፀጉሩ ከተኛበት በተቃራኒ፣ ቀስ ብለህ። የማን ልጅ ነህ አንተ?"

ወንድሜ አንድ አፍታ ያየኛል። ከዚያ ምራቁን በመዳፉ ይጠርግላታል፣ ጎንበስ ይላል፣ አፉን ያጠባል፣ ልክ እንዳልኩት ይነፋል።

ፀጉሩ ይከፈታል። ሥሩ አመድ፣ መሃሉ ቀጭን ቢጫ ቀለበት፣ ጫፉ ከሰል። አጎታችን ጎንበስ ብሎ ቀለበቱን ያያል። ወንድሜም ትንፋሹን አያቋርጥም፤ ጥንቸሏ መንቀጥቀጧን ትታ ጆሮዋን ታላላለች፣ ዓይኗንም ቀስ ብላ ትከድናለች።