የእትዬ ስንዱ ኢምፓላ

ቅዳሜ ጠዋት በአሮጌዋ ኢምፓላ ዙሪያ ባለቤቷ እትዬ ስንዱ፣ አንድ ከረባት ያሰረ ሰውና ኢምፓላዋን ሃያ ዓመት የጠገናት መካኒክ ቆመው ነበር።

መካኒኩ ዓርብ ማታ «የምትሸጥ» የሚለው ወረቀት ከመስታወቷ ላይ ተነስቶ ሲያይ ቅናት አንገበገበው። «እኔ ካልነዳኋት ማንም አይነዳትም!» ብሎ፣ ለሞተሯ እሳት የሚያከፋፍለውን፣ አገር ውስጥ ምትክ የሌለውን ዕቃዋን ነቅሎ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጥሎት ነበር።

«እንካ ቁልፉን» አሉት እትዬ ስንዱ መካኒኩን።

«ለገዢው ይስጡት እንጂ!» አለ፣ ባለከረባቱን በጎን እያየ።

«የምን ገዢ? እኚህማ ስሟን ወደ አንተ የሚያዞሩልን ጉዳይ አስፈጻሚ ናቸው። ባለቤቴ ሲሞት ‹ጠግኖ ላኖራት ልጅ ስጪው› ብሎኝ ነበር። ወረቀቱን የለጠፍኩት እኔው ነኝ፣ ብር አሳስቶኝ፤ ያነሳሁትም እኔው ነኝ፣ ጸጽቶኝ። በል ልጄ፣ ያንተ ናት።»

ማክሰኞ ስሟ ዞረ። ከግቢው ያወጧት ስምንት ሰዎች ገፍተው ነው።