ሲስቁ የተነሱት ፎቶ

ሚስትየው በረንዳ ስታጥብ አዳልጧት የሰበረቻቸውን ሁለት የፊት ጥርሶች የጥርስ ሐኪሟ አየችና ወደ ባልየው ዞረች። «ባለቤትዎ ሲስቁ የተነሱት ፎቶ ካለ ያሳዩኝ። የጥርሶቹን የቀድሞ ቅርጽ አይቼ ነው የምሠራቸው።»

«ሞልቷል» አለ፣ ስልኩን ከኪሱ እየመዘዘ። በሠርጋቸው፣ በልጃቸው ምርቃት፣ በአዲሷ መኪና ፊት፣ እሱ ሠላሳ ሁለት ጥርሱን አሳይቶ፣ እሷ ከንፈሯን ገጥማ ቆማለች። በአውራ ጣቱ እየገፋ ሃያ ዓመት ወደኋላ ቢሄድም እሷ የሳቀችበት አንድም አላገኘም። ሚስቱ በአንድ እጇ አፏን እንደሸፈነች፣ በሌላው የራሷን ስልክ ለሐኪሟ አቀበለቻት። እሱ ለሥራ ክፍለ ሀገር በወጣበት ሳምንት፣ እህቷ ቤት የተነሳችው ፎቶ ነው፤ ዓይኗ እስኪጠፋ ስቃለች።

ሐኪሟ ፎቶውን አጉልታ አሳየችው። «ጥርሶቻቸው ልክ እንደዚህ ነበሩ፣ አይደል?»

«እሷን ይጠይቋት» አለ አቀርቅሮ።