ባለ ዱላው ስንት ዓይን አለው?

"ይሄ ሰውዬ ማነው?!"

አቶ ክንዱ ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ስዕል በዱላው ጫፍ መታ መታ አደረገው...

ከመጽሔት የተቆረጠ ስዕል ነው። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ዱላ አንስቷል፤ ከሥሩ ሕዝብ ተኮልኩሏል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ግን ክንዱ የአንዲት የጋይንት ከተማ የጸጥታ ኃላፊ ነው... ዱላም አለው... ቦርጩም የስዕሉን ሰውዬ ያህላል። (እኔ አላልኩም፣ ሰው ነው ያለው!)

"ጋሼ፣ ግድግዳው ቢሰነጠቅብኝ ነው የለጠፍኩት" አለች የሻይ ቤቷ ባለቤት የኔነሽ።

"መሸፈኛ አጥተሽ እኔን?"

ስሙን የጠራ የለም እኮ! ራሱ ዘሎ ገባበት።

የኔነሽ ታሰረች። ሻይ ቤቷ ታሸገ። ስዕሉ የተለጠፈው እሱን ለመስደብ ከሆነ ነገ ተከሳ ፍርድ ቤት ትላካለች።

ግን ማን ያረጋግጥ?

ክንዱ ስዕሉን ይዞ ከተማውን ዞረ።

መምህሩ "እኔ የማስተምረው ሒሳብ ነው" አለ።

ከስማዳ ለገበያ የመጣ ገበሬ "እኔ ለዚህ አገር እንግዳ ነኝ ጌታዬ" ብሎ አህያውን ነዳ።

ባጃጅ ነጂው ደግሞ "መነጽሬን ረስቼ..." አለ። መነጽር የሚባል ነገር አድርጎ አያውቅም!

ክንዱ የሚስቅ ሲያይ "በእኔ ነው" ይላል። ዝም ያለ ሲያይ "ይሄስ ምን እየደበቀኝ ነው?" ይላል።

በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስዕል የሚስሉት መሪጌታ ዋለ ዘንድ ሄደ።

"መሪጌታ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይሄ ስድብ ነው አይደል?"

አዛውንቱ ስዕሉን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

"እኛ ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ነው የምንስለው። ክፉውን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ታውቅ የለ?"

"ከልጅነቴ ጀምሮ የማየው!"

"ታዲያ ባለ ዱላው ስንት ዓይን አለው?"

ክንዱ ጎንበስ አለ... ሁለት!

እፎይይ... ጻድቅ ነው ማለት ነው! ደስ ብሎት ሊሄድ ሲል...

"ሕዝቡስ?" አሉት።

አየ። ሽማግሌው፣ ሴትዮዋ፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ሳይቀር... ሁሉም በአንድ ዓይን ነው የተሳሉት።

"እንዴ! ሕፃኑ ምን አጠፋ?"

"ምንም። ሰዓሊው ባለ ዱላው እንደሚያየው አድርጎ ነው የሳለው፣ ልጄ። ዱላ ላነሳ ሰው ጻድቁ እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተጠርጣሪ።"

ክንዱ ከጠዋት ጀምሮ ያፈጠጠባቸው ሰዎች አንድ በአንድ ታወሱት። አፈረ... በጣም አፈረ።

በሩጫ ተመልሶ የኔነሽ የታሰረችበትን ክፍል ከፈተ።

"የኔነሽ፣ ውጪ። ተሳስቼ ነው። ይቅር በይኝ።"

የኔነሽ ግን አልተነሳችም።

"ስወጣ... አመለጠች ልትሉኝ ነው?"

"ኧረ በማርያም! እውነቴን ነው!"

"እንግዲያው ምስክር ይምጣልኝ ጋሼ። ያለ ምስክር አልወጣም።"

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል... እሷ እዚያው ቁጭ ብላለች።

ወገኖቼ፣ ጉልበት ሰውን ያስራል። ሰውን ሁሉ ስትጠረጥር ከርመህ ደግ በሆንክ ቀን ግን የሚያምንህ ታጣለህ።

እናንተስ በየኔነሽ ቦታ ብትሆኑ በዚያ በር ትወጡ ነበር? ወይስ ምስክር ትጠብቁ ነበር?

እውነቱን ጻፉልኝ... አትፍሩ፣ እዚህ ገጽ ላይ ባለ ዱላ የለም።

እኔ እስከማውቀው...